ባለቤቱ በሞት ስለተለዩ የሚሸጥ

ይድረስ ለወንድሜ፣
ዳንግላ።

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ፣ የስልክ ሱቅህስ፣ ያ እንቅልፍ የማያውቀው ቴሌግራምህስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እንጅባራም ደህና ናት፤ ጉሟ እንደ ወትሮው ሌሊት ወርዶ ረፋድ ላይ ይነሣል። በሞት የተለዩት አባታችንም ከሳላቸው በቀር ደህና ናቸው። ትናንት ማታ ሽሮው ጨው በዝቶበታል ብለው ተቆጥተውኝ፣ እየተቆጡ ጨርሰውታል። ሰላም በይልኝ ብለውሃል።

ወረቀት ያነሣሁት ስልክ ስደውል የምታደርገውን ስለማውቅ ነው። ስሜን ስታይ ስልኩን በፊቱ ትደፋዋለህ። ወረቀት ግን ቢደፉትም በጀርባው ይነበባል፤ እኔም በሁለቱም ገጽ ነው የምጽፈው። ለዳንግላው ሚኒባስ ረዳት በእጁ ሰጥቼዋለሁ፤ እጅህ ላይ ሳያስቀምጥ እንዳይመለስ በማርያም አስምዬዋለሁ።

ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ጥላ ዘርግቼ የሰው አቤቱታ ስጽፍ ስንት ዘመኔ! የፈታችውንም የተፈታውንም፣ ወሰን የገፋውንም የተገፋበትንም ጽፌያለሁ። የራሴን ግን ጽፌ አላውቅም ነበር። ዛሬ ከሳሽም ጸሐፊም እኔው ነኝ። ተከሳሹ ክቡርነትህ ነህ። ረጋ ብለህ አንብብ፤ ደንበኛ ቢመጣ ይጠብቅ።

በመጀመሪያ የማልከስህን ላስታውቅህ። የአባባን ሞተር ሳይክል በመሸጥህ አልከስህም። የአባባ ዓይን እንደደከመ ከአንተ ይልቅ እኔ አውቃለሁ፤ በዘንገና መታጠፊያ ቦይ ውስጥ ገብተው ጭቃ ለብሰው የመጡ ዕለት ያጠብኳቸው እኔ ነኝ። አንድ ጥጃ መንገድ ዘጋብኝ አሉ። ጥጃ አልነበረም፤ የመንገድ ጠርዝ ድንጋይ ነው። መሸጡማ ይገባ ነበር። ችግሩ «አባባ፣ ይብቃዎት» የምትለዋን ቃል ከሁለታችን አንዳችንም መዋጥ እንጂ መትፋት አለመቻላችን ነው። እኔ ቁልፉን ዱቄት ውስጥ ደበቅሁ። አንተ ሰውየውን መቃብር ውስጥ ደበቅህ። የአንድ እናት ልጆች ነን፤ አንተ ግን እጅህ ይረዝማል።

የዋጋውንም ነገር አልጠይቅህም። የልጆችህ ጫማ ይሁን።

ክሱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ካንዴላ ላስቀይርለት ብለህ መጣህ። አባባ ሞተሩን ራሳቸው እየገፉ እስከ አስፋልቱ ሸኙህ፤ ቤንዚኑ እንዳያልቅብህ ብለው በጀሪካን ጨመሩልህ። ስትሄድ «ዳገቱ ላይ አታስጨንቀው» አሉህ። አንተም እሺ አባባ አልክ። እሺ አባባ! ከዚያ ዳንግላ ገብተህ ፎቶ አነሣህና ይህን ጻፍክ፤ ቃል በቃል እገለብጠዋለሁ፦

«በጥንቃቄ የተያዘ የድሮ ሞተር ሳይክል። አንድ ሰው ብቻ የነዳው። ካንዴላው አዲስ፣ ካቴናው አዲስ፣ ጎማው ያልተበላ። ረግጠው አስነሥተው የሚሄዱበት፣ ለዕለት ሥራ ዝግጁ። ባለቤቱ በሞት ስለተለዩ የሚሸጥ። መጠነኛ ድርድር አለው።»

ለብዙ ሰው ስለጻፍኩ ጽሑፍ አውቃለሁ። ስለ ሞተሩ የጻፍከው አንዱም ውሸት የለበትም። አንዲት ብሎን አላጋነንክም። የዋሸኸው በሰውየው ላይ ብቻ ነው። «ባለቤቱ ዓይናቸው ስለደከመ» ብትል ፊደል በኪሎ ነው የሚሸጥልህ? ወይስ ሻጩ ካልሞተ ሞተሩ አይነሣም የሚል ደንበኛ መጥቶብህ ነው? ድርድር አለው ያልከውስ የቱን ነው? ሞታቸውን?

ለቀባሪው አረዱት እንዳይሆንብኝ እንጂ (ቀባሪውም አንተ ነህ) ያ ሞተር ምን እንደሆነ ላስታውስህ። ዳንግላ የዕቃ ስም ብቻ ሳያስቀርብህ አልቀረም። አባባ የከብት ሐኪም ሆነው ከጥሊሊ አዘና፣ ከአዘና ጥርባ ክትባት ተሸክመው የዞሩበት ነው። ገበሬው ድምፁን ከጋራው ማዶ ሲሰማ ከብቱን መሰብሰብ ይጀምር ነበር። መሥሪያ ቤቱ አርጅቷል ብሎ በጨረታ ሲያስወግደው እሳቸው ወሰዱት። አያታችን ፈረሰኛ ነበሩ፤ አባባ ፈረስ የላቸውም። እና ያገሩ ፈረሰኞች ሲቀልዱባቸው፣ ሲነሣ በሚለቀው ነጭ ጭስ ሞተሩን «ጉም» አሉት፤ ባለፈረስ በፈረሱ ስም ይጠራ የለ፣ አባባንም «አባ ጉም» አሏቸው። ቀልዱ ሰነበተና ስም ሆነ። ዛሬ የክርስትና ስማቸውን የሚያውቀው መታወቂያቸው ብቻ ነው።

ዓርብ ዓርብ ሸራ አንጥፈው ካርቡራተሩን በጥርስ ብሩሽ ሲያጥቡ እናታችን፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «እኔን እንዲህ አድርገህ ዓይተኸኝ ታውቃለህ?» ትል ነበር። አባባም «አንቺ መቼ ጭስሽ በዝቶ» ይላሉ። ይህን ሁሉ አብረን ሰምተናል። አንተ ሽጠኸዋል፤ እኔ ገና እሰማዋለሁ።

አሁን ወደ ለቅሶው።

ሐሙስ ጠዋት ነው፤ ጉሙ አልተነሣም። አባባ ጋቢያቸውን ለብሰው በር ላይ ፀሐይ ይጠብቃሉ። እኔ ጓዳ ራሴን እየተሠራሁ ነበር፤ ግማሹ ተሠርቷል፣ ግማሹ ተበትኗል። ከጥሊሊ በኩል ለቅሶ ተሰማ። ያገራችንን ወግ አትረሳውም መቼም፦ ለቅሶ ሲመጣ መጀመሪያ ይለቀሳል፣ ማን እንደሞተ ኋላ ይጠየቃል። አስቀድሞ መጠየቅ ሰውየውን አይቼ ነው የማለቅሰው እንደማለት ይቆጠራል፤ ነውር ነው። አባባም ነውር አይሠሩም። ጋቢያቸውን አጣፍተው ወደ መንገዱ ወረዱና ከሕዝቡ ኋላ ተቀላቀሉ። በዚያ ጉም ማን ማንን ያያል? ሁሉም አንገቱን ደፍቷል። አባታችን «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያሉ፣ ደረታቸውን እየደቁ፣ የማን እንደሆነ ያላወቁትን ለቅሶ ከልባቸው አለቀሱ። ለቅሶው በአማርኛ ጀምሮ በአገውኛ ጠና። አባባም በሁለቱም አለቀሱ።

ሕዝቡ ግን አላልፍ አለ። ወደኛ ግቢ ታጠፈ። በሩ ላይ ሲደርስ የጥሊሊዋ ፋና፣ አልቃሿ፣ ያችን ሞታለች የተባለች ላሟን አባባ ያስነሡላት፣ ድምፅዋን ለቀቀችው፦

«ከብቱ ሁሉ ታሞ መንገድ መንገድ ያያል፣
አባ ጉም ከሌለ ማን ደዌ ይለያል።»

ያን ጊዜ አባባ ለቅሷቸውን አቋረጡ። ወደ ፊት ተራምደው ፋናን በትከሻዋ ነካ አደረጓትና ማን ነው የሞተው ያልሽው ብለው ጠየቋት። ፋና ልትመልስ ዞረች። ዞራም ቀረች። ቁጭ አለች መሬት ላይ። አባባ ዝቅ ብለው አዩዋትና፣ «ቀጥዪ እንጂ ፋና፤ ጥሩ ጀምረሽ ነበር» አሏት።

እኔ በዚህ መሐል ግማሽ ራሴን ተበትኜ ከጓዳ ብቅ አልኩ። ፀጉሯን ነጭታ መጣች ብለው ሴቶቹ ተሸከሙኝ። አባቴ አጠገቤ ቆመው፣ ሰው በአባቴ ሞት አጽናናኝ። ሕይወቴን በሙሉ ሳፌዝ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ በዚያች ደቂቃ ግን አንዲት ቃል ጠፋችብኝ። ይህንንም በክሱ ላይ ጨምርልኝ።

ነገሩ ሲገባቸው ግማሹ ሳቀ፣ ግማሹ እንደገና አለቀሰ፣ በቁሙ የተለቀሰለት ዕድሜው ይረዝማል የሚልም ተገኘ። ንፍሮ ተሸክመው መጥተዋል፤ ይዘው አይመለሱ ነገር ሆነና ተቀምጠው ቃሙት። አባባም ከገዛ ንፍሯቸው አንድ እፍኝ ወሰዱ። ፋናን ስለ ግጥሟ አመስግነው፣ ከብቱ ሁሉ ታሞ ማለቷን ግን ነቀፉ፤ ዘንድሮ ክትባቱ በጊዜው ደርሷል።

ነገሩ ይህ ብቻ ቢሆን ደብዳቤ አልጽፍልህም ነበር። ስቄ፣ አስቄ፣ እስከ ፋሲካ አወራበት ነበር። ነገሩን የከፋ ያደረገው ደርበው ነው። የጥርባውን ደርበው፣ የአባባን የልጅነት ጓደኛ፣ መቼም አልረሳኸውም። ሽማግሌው በፈረሱ ላይ ቀይ ግላስ፣ ያንን የፈረስ ማልበሻ፣ አጥፎ ይዞ መጥቷል። ግላሱ ለፈረሱ አይደለም። ባለፈረስ ሲሞት ፈረሱ በግላሱ ተሸልሞ፣ ጀርባው ባዶውን፣ ለቅሶው ላይ ይዞራል አይደል? ደርበውም ጉምን ሊያለብሰውና እየገፋ ሊያዞረው ኖሯል ከጥርባ ድረስ የመጣው። ንፍሮውን ውጦ ሲጨርስ ዙሪያውን ቃኘና ጉም የታለ አለ።

አባባ ምን እንዳሉ ልንገርህ? ቀና ብለው፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ፣ «ዳንግላ ነው። ልጄ ካንዴላ ሊያስቀይርለት ወስዶታል» አሉ። ልጄ ሲሉ እንዴት እንዳሉት በወረቀት አይጻፍም።

ደርበው አንገቱን ደፋ። ከዚያ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ለእኔ ሰጠኝ። ማስታወቂያህ ነው፤ የልጅ ልጁ ልኮለት ጉምን በፎቶው ለይቶ ነው የአባባን ሞት የሰማው፣ ለሌላውም ያረዳው፤ ለቅሶው ላይ ሳይዞር ይሸጣል ብሎ ግን አላሰበም። አባባ አንብቢው አሉኝ። የእንጅባራ ችሎት የሚያውቀው ድምፅ አለኝ፤ በእሱ አነበብኩ። ጎማው ያልተበላ እስከሚለው ድረስ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። ለዕለት ሥራ ዝግጁ ስል ፈገግ አሉ። ከዚያ ማንበቤን አቆምኩ። ጨርሺው አሉኝ። ጨረስኩት።

አባባ ዘይቱን በየጊዜው እንደምለውጥለት አልጻፈም ወይ ብለው ጠየቁኝ። አልጻፈም አልኳቸው። «ይህንስ መጻፍ ነበረበት» አሉ።

በዚህ መሐል አባባ ድንገት አንገታቸውን ወደ መንገዱ መለሱ። እኛ የሰማነው ኋላ ነው። ጉም መጣ። የነዳው ሙደሲር ነው፤ የሸጥክለት፣ አዘና ሱቅ ያለው ልጅ። የሟች ዕቃ ገዝቼ ቤተሰቡን ሳላጽናና ብቀር ነውር ነው ብሎ፣ ስኳር ከኋላ አስሮ፣ በገዛ ሞተራቸው ሊያለቅስላቸው መጥቷል። ልብ በል ወንድሜ፤ አንተ የሸጥክለት ሰው ለለቅሶህ መጣ፤ አንተ ቀረህ።

ሙደሲር አላህ ያጽናችሁ ብሎ ቆመና ከሟቹ ወገን የትኛው ታላቅ እንደሆነ ጠየቀ። አባባ በርጩማቸውን አስጠግተውለት፣ «ሟቹ እኔ ነኝ፤ አረፍ በል» አሉት። ልጁ እጁ ላይ የያዘውን ስኳር የት እንደሚያኖረው ጠፋው። እሱ ምንም ሳያጠፋ አፈረ፤ ማፈር ያለበት ሰው ስልኩን ደፍቶ ሱቁ ተቀምጧል። ሲረጋጋ ቁልፉን አውጥቶ ለአባባ ዘረጋ። በሞት ስም የተሸጠ የሕያው ሰው ንብረት ቤቱ እንደማያሳድር ተናገረ። ደርበውም፣ ሌላውም፣ ሽያጩ ፈርሷል አለ። አንተ ላይ የተነገረውን እዚህ አልጽፍም፤ ረዳቱ ደብዳቤውን ይከፍተው ይሆናል።

አባባ ተነሡ። በሕዝቡ ፊት የተናገሩትን አንድም ሳላስቀር እነሆ፦

«ልጄን ተዉት። ይሸጥ ያልኩት እኔ ነኝ። ሞቷል ብለህ ጻፍ ያልኩትም እኔ ነኝ፤ ሰዉ ምን ብሎ እንደሚያለቅስልኝ በቁሜ ልስማ ብዬ ነው።»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። አባ ጉም ተንኮለኛው ተባለ። ፋና ግጥሟን እንደገና አለችላቸው። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል አባባ አብረው እንዳልሳቁ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

እንግዲህ ክሴ ይህ ነው። አባቴን ገደለ ብዬ አልከስህም፤ ከሱስ ተነሥተዋል። ክሴ አስዋሸሃቸው ነው። የሰው በግ በስህተት ክትባት ሳትወጋ ብትቀር ሦስት ጋራ ተሻግረው ሄደው «ቆጥሬያታለሁ ግን አልወጋኋትም» ብለው የሚናገሩ ሰው፣ ባረጁበት፣ ባገራቸው ሰው ፊት፣ ለአንተ ሲሉ ዋሹ። ሞተሩን መልሰህ ብታመጣ ይህን በምን ጭነህ ትመልሰዋለህ? አንተ ዳንግላ ሆነህ «አባባ ተቆጥተዋል ወይ» ብለህ በባለቤትህ ስልክ አስጠየቅኸኝ። ምነው በተቆጡ! ቢቆጡማ ሽሮዬ ላይ ነው የሚቆጡት።

ቀሪውን ባጭሩ። ደርበው ካላለበስኩት ብሎ ግላሱን ጉም ላይ ጣል አድርጎት ነበር፤ አባባ አንሥተው አጣጥፈው መለሱለት፣ ለእውነተኛው ቀን አቆየው አሉት። ከዚያ እንደ ፈረስ ሽያጭ ሥርዓት አስረከቡ። ሙደሲርን አጠገባቸው አቁመው፣ በብርድ ጠዋት ሁለቴ በባዶው እንዲረግጠው፣ ቁልፉን ከዚያ ወዲያ እንዲከፍት፣ ዳገት ላይ እንዳያስጨንቀው አስጠኑት። ቁልፉን ሰጡት። የቁልፉን ጠፍር ግን ፈትተው አስቀሩ። ፈረስ ሲሸጥ መሳቢያ ገመዱ ከቤት እንደማይወጣ፣ ረድኤቱ አብሮ እንዳይሄድ ሻጩ እንደሚያስቀረው አያታችን ለሳቸው፣ እሳቸው ለእኛ ያስተማሩን ነው። ሞተር ገመድ የለውም። ያቺ ራሳቸው ያበጇት የቆዳ ጠፍር ናት ያለችው። ኪሳቸው ከተቷት።

ከዚያን ቀን ወዲህ በር ላይ ይውላሉ። ሐኪሙ ብርድ አይምታዎት ብሏቸዋል። ይግቡ ስላቸው ፀሐይዋ አሁን ትወጣለች ይላሉ። ሳላቸው ማታ ማታ ከጓዳው እኔ አልጋ ድረስ ይመጣል። ጎረቤቱ ጉምን እየጠበቁ ነው ይላል፤ እኔም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎኝ ነበር። ሙደሲር ግን በገበያ ቀን በበራችን ያልፋል፤ አክብሮ ክላክስ ያደርግላቸዋል። እጃቸውን ያነሡለታል፣ ራሳቸውን ቀና አያደርጉም። ከዳንግላ የመጣ ሚኒባስ ሲቆም ነው ጋቢያቸውን የሚያስተካክሉት። ረዳቱ በሩን ዘግቶ መኪናው ሲሄድ መልሰው ይለቁታል።

አንተ የማትመጣው ሰዉን ፈርተህ ነው አሉ። ሰዉማ ስቆ ሄደ! አባባ ተንኮለኛ ተባሉ፣ አንተ ታዛዥ ልጅ ተባልክ፤ ያንተ ስም በሳቸው ውሸት ታጥቦ እንጅባራ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ምንህን ነው የምትደብቀው?

ይህን ስጽፍ አባባ በሩ ላይ ሆነው ምን እየጻፍሽ ነው ብለው ጠየቁኝ። የሰው አቤቱታ ነው አልኳቸው። የት ነው የሚሄደው አሉ። ዳንግላ አልኩ። ጠፍሯን ከኪሳቸው አወጡና ጉልበቴ ላይ አኖሯት። «ከአቤቱታው ጋር አያይዢው» አሉኝ።

እኔ ብሆን አልልክልህም ነበር። አያይዤዋለሁ። ገመድ ከቤት አይወጣም ብለው ያሳደጉን ሰው በገዛ እጃቸው ለምን እንዳወጡት አልጠየቅኋቸውም፤ አንተም ደውለህ እንዳትጠይቀኝ። የማውቀው ጠፍሩ የቤታችን መሆኑንና ከቤት ውጭ ማደር እንደሌለበት ነው።

እግዚአብሔር ልጆችህን ያሳድግልህ፤ ካንተ የተሻለ እንዲዋሹ ሳይሆን እንዳይዋሹ አድርጎ። ሱቅህን ይባርክልህ፤ ለአንድ ቀንም መዝጊያውን ያቅልልህ። መንገዱን ያቅናልህ፤ መታጠፊያውን ሁሉ በሰላም ያሻግርህ። የጠዋቱን ሚኒባስ ያዝ፤ ጉሙ ሳይነሣ ከደረስክ ማንም አያይህም፣ በር ላይ ካለው ሰው በቀር።

እንባህን ግን ይዘህ አትምጣ። ለቅሶው አልቋል፤ ባለቤቱ ራሳቸው አልቅሰው ጨርሰውታል።

ሽሮውን ጨው ቀንሼ የምጠብቅህ
እህትህ